የመንግሥት ድረ ገጾችን የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት ግዢ በተመለከተ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመንግሥት ድረ ገጾች አስተዳደር ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የአቅራቢ መምረጫ መስፈርት እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ኤስኤስኤል ሰርተፍኬት የድረ ገጽን ማንነት የሚያረጋግጥና ግንኙነቱን ለማመስጠር የሚያገለግል ዲጂታል ሰነድ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርተፍኬት ጊዜው ባለፈ ቁጥር ተገልጋዩ የብሮውዘሩን ማስጠንቀቂያ ችላ ብሎ ማለፍን ይለምዳል። አጭበርባሪዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከጨረታ ሰነዱ ነው፤ ዋጋና ዝና ይመዘናል፣ እድሳቱን ማን እንደሚሠራው ግን አይጠየቅም።

የሰርተፍኬት ከፍተኛ ዕድሜ እ.ኤ.አ. ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ ከማርች 2027 ጀምሮ 100 ቀን፣ ከማርች 2029 ጀምሮ 47 ቀን ብቻ እንዲሆን ሰርተፍኬት ሰጪዎችና ብሮውዘር ሠሪዎች ወስነዋል። «የሦስት ዓመት ሰርተፍኬት» የሚባለው እንግዲህ የሦስት ዓመት ክፍያ ነው፤ ሰርተፍኬቱ በመሃል ደጋግሞ መተካቱ አይቀርም። ይህን በእጅ እየሠሩ መዝለቅ አይቻልም። ስለዚህ እድሳትን በራሱ የሚያካሂደውን አክሚ የተባለ ፕሮቶኮል የማይደግፍ አቅራቢ ገና ከመነሻው ይውደቅ።

ለአብዛኞቹ ገጾች ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰጪ የሚያወጣው ነፃ ሰርተፍኬት ይበቃል፤ የምስጠራው ጥንካሬ ከሚከፈልበት አያንስም። የድርጅቱ ሕጋዊ ማንነት በጥልቀት ተጣርቶ የሚሰጠው ውዱ ኢቪ ሰርተፍኬት በአድራሻ አሞሌው ላይ ያስወጣው የነበረውን የድርጅት ስም ክሮምና ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2019 አንስተውታል። መክፈል የሚያስፈልገው የባለሙያ ድጋፍና የውል ተጠያቂነት ሲፈለግ ነው።

እድሳት ሲከሽፍ መጀመሪያ የራስን ሰርቨር መፈተሽ ይገባል። ፋየርዎሉ (የኔትወርክ መከላከያው) ፖርት 80ን፣ ማለትም ያልተመሰጠረው የድር ግንኙነት (ኤችቲቲፒ) የሚገባበትን በር፣ ከዘጋ ድረ ገጹ የእናንተ መሆኑን በኤችቲቲፒ የሚያጣራው ማረጋገጫ አያልፍም፤ ያኔ በዲኤንኤስ (በድረ ገጽ ስሞች መዝገብ) ማረጋገጥ ይቻላል። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ይህ ነው፦ አዲሱ ፋይል ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፣ ሎጉም ተሳክቷል ይላል፣ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር ሶፍትዌር ግን ሪሎድ ስላልተደረገ (ፋይሉን እንደገና ስላላነበበ) አሮጌውን ሰርተፍኬት ማቅረቡን ይቀጥላል። ስለዚህ ክትትሉ ፋይሉን ሳይሆን ከውጭ በፖርት 443 (የተመሰጠረው የድር ግንኙነት በሚገባበት በር) የሚታየውን የማብቂያ ቀን ይመልከት። የድረ ገጹን ሰርተፍኬት ከሰጪው ዋና ሰርተፍኬት ጋር የሚያያይዘው መካከለኛው ሰርተፍኬት ከተረሳ ደግሞ በኮምፒውተር ደህና የሚከፈተው ገጽ በስልክ ላይ ስህተት ያሳያል።

ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚጣመረው ሚስጥራዊ ቁልፍ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይፈጠር፤ በኢሜይል ቁልፍ የሚልክ አቅራቢ አይታመንም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ተጠልፎ በጉግል ስም ጭምር የሐሰት ሰርተፍኬት ወጣበት። ብሮውዘሮች እምነታቸውን ሲያነሡ የአገሪቱ የመንግሥት ድረ ገጾች ሰርተፍኬታቸውን በጥድፊያ መቀየር ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ ሁለተኛ አቅራቢ አስቀድሞ ተሞክሮ ይዘጋጅ፤ ለድረ ገጹ ሰርተፍኬት መስጠት የሚችሉትን የሚዘረዝረው የዲኤንኤሱ ሲኤኤ መዝገብም ሁለቱን አቅራቢዎች ብቻ ይፍቀድ።

እነዚህ ነጥቦች ከቀጣዩ ጨረታ በፊት በመስፈርቱ እንዲካተቱ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የድረ ገጽና የኔትወርክ ባለሙያዎች