ጣሪያውን ሳንለካ ጉልላት መሸጥ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጣሪያውን ሳንለካ ጉልላት፣ ማለትም ጣሪያ አናት ላይ የሚቆመውን ትንሽ ቤት መሰል ሥራ፣ አንሸጥም ያልንበት የመጨረሻው ማስታወቂያችን ብዙዎቻችሁን ቅር እንዳሰኘ አውቀናል። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ተቆጥታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ምንም ሳትናገሩ ቀብዳችሁን ወስዳችሁ ሄዳችኋል። «ዋጋ ለመጨመር የፈጠሩት ዘዴ ነው» ያላችሁም አላችሁ። ቁጣውን እችለዋለሁ። ይቺ የመጨረሻዋ ግን ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። በስልክ ቆራርጬ ከምመልስ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ውሳኔው ይህ ነው። ከእንግዲህ ጉልላት የምንሠራው የሚቀመጥበትን ጣሪያ ራሳችን ወጥተን ከለካን በኋላ ብቻ ነው። ተሠርቶ የሚጠብቅ፣ በጣት ጠቁመው መኪና ላይ የሚጭኑት ጉልላት ከእኛ ዘንድ የለም። በፎቶ ብቻ የሚመጣ ትእዛዝም አንቀበልም። ለልኬቱ እናስከፍላለን፤ ሥራውን ለእኛ ከሰጣችሁን ግን ክፍያው ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

ማስታወቂያው ሳታስቡት ስለመጣባችሁ፣ በተለይ ግንባታ ጀምራችሁ ለነበራችሁ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንቀይረውም። ምክንያቱን ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

«አራት ግድግዳና አንድ ክዳን ያላት ትንሽ ነገር፣ ይሄን ያህል ምን ልኬት ያስፈልጋታል?» ብለው የጠየቁኝ አሉ። እውነት ነው፣ መሬት ላይ ቆማ ስትታይ ጌጥ ነው የምትመስለው። ነገር ግን የምትሄደው የቤቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሥሯ ጣሪያው ይቀደዳል። ዝናቡም ነፋሱም ፀሐዩም መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ሰው ጫማ እንኳ ሲገዛ እግሩን ይለካል። ጣሪያ ቀድዶ የሚቀመጥ ነገር እንዴት በግምት ይገዛል?

ከጣሪያው ቁልቁለት እንጀምር። «ጣሪያዬ 30 ዲግሪ ነው» ይሉናል። ከየት አገኙት ስንል ከፕላኑ ላይ። ፕላኑ ሌላ፣ አናጢው ያቆመው ሌላ። ጣሪያው 35 ዲግሪ ሆኖ ቢገኝስ? ወርዱ 90 ሳንቲሜትር የሆነ ጉልላት እንውሰድ። ከጣሪያው አናት እስከ ጉልላቱ ጠርዝ በእያንዳንዱ ጎን 45 ሳንቲሜትር አለ። ጣሪያው 30 ዲግሪ ከሆነ በዚህች ርቀት 26 ሳንቲሜትር ያህል ይወርዳል። 35 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 31.5 ሳንቲሜትር። ስለዚህ ለ30 ተብሎ የተቆረጠው የጉልላቱ እግር መሐል ላይ ይነካል እንጂ በሁለቱም ጠርዝ 5.5 ሳንቲሜትር ተንጠልጥሎ ይቀራል። እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነው።

ያኔ ጉልላቱን የሚገጥመው ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ሲሊኮን የሚባለውን ክፍተት መድፈኛ ይሞላበታል። አንዱን እንዲህ ያለ ጣሪያ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ሲሊኮኑ በፀሐይ ደርቆ ከብረቱ ተላቋል፤ በጥፍሬ ስይዘው ከነርዝመቱ ተነሳ። ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሮ በምስማር ስወጋው ይሰምጣል። ውሃው ክዳኑን በተሸከመው ዘንበል ያለ እንጨት፣ በወራጁ ላይ ተንሸራትቶ ሄዶ ኮርኒሱን ያረጠበው ከጉልላቱ ራቅ ያለ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ማንም ጉልላቱን አልጠረጠረም ነበር። የገጠምነው እኛ አልነበርንም፣ የለካነውም እኛ አልነበርንም። ጉልላቱ ግን የእኛ ነው፤ ወቀሳውም ወደ እኛ መጣ። ከኪሳችን አድሰን መለስነው። እንዲህ ያለው አንድ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

ውሃን የሚያስቆመው ሲሊኮን አይደለም፣ በትክክል የታጠፈ ፍላሺንግ ነው፤ ጉልላቱ ጣሪያውን በሚነካበት ዙሪያውን የሚገባው ቆርቆሮ ማለት ነው። ከላይ በኩል ያለው ቆርቆሮ ከታችኛው ላይ እየተደራረበ ውሃውን ወደ ታች ማሳለፍ አለበት። ሲሊኮን ረዳት ነው። ፍላሺንጉ የሚታጠፈው ደግሞ በክዳኑ ዓይነት ነው። ለሸክላ ክዳን የታጠፈው ለቆርቆሮ አይሆንም፤ የቆርቆሮውም የሞገዱ ቁመት ይለያያል። ይህን ሁሉ ከፎቶ ላይ አንብብ ስትሉኝ ምን ልበላችሁ?

መጠኑ ሌላው ጣጣ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የሚያከራክረንም እሱ ነው። ወርክሾፓችን ውስጥ 60 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ጉልላት ከፊታችሁ ሲቆም ግዙፍ ይመስላል። «ይሄማ ይበዛል፣ ያነሰ የላችሁም?» ትላላችሁ። ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን ያ ግዙፍ ነገር ብን ብሎ ይጠፋል። በሙያው የቆየ ልማድ አለ፦ የጉልላቱ ወርድ ጣሪያው አናት ላይ ካለው ያልተቋረጠ ርዝመት ቢያንስ አንድ አሥራ ሁለተኛ ይሁን፣ እስከ አንድ አሥረኛም ይደርሳል። ጣሪያችሁ አናቱ ላይ 12 ሜትር ከሆነ የ1 ሜትር ጉልላት ትንሹ ነው፤ 1.2 ሜትርም አይበዛበትም። ባለ 60ው እዚያ ላይ የተረሳ ሳጥን ነው የሚመስለው። ጥርጣሬ ካላችሁ እኛን አትመኑ። በሚፈለገው ልክ ካርቶን አጣብቃችሁ ጣሪያው ላይ አስወጡና መንገድ ዳር ቆማችሁ እዩት። ለልኬት ስንመጣ እኛም ካርቶን ይዘን የምንመጣው ለዚህ ነው። ባልና ሚስት ሲከራከሩበት የቆየው መጠን በካርቶን ፊት ወዲያው ሲፈታ አይቻለሁ።

«ቤቱን ያቀዘቅዝልናል» ብላችሁ የምትገዙም አላችሁ። ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ ዝም ብሎ ግን አይደለም። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጉልላቱ ጎን ባለው አየር ማሳለፊያ፣ በሉቨሩ ሲወጣ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ከታች መግባት አለበት። የጣሪያው የታችኛው ጠርዝ፣ ክፈፉ ሥር መግቢያ ቀዳዳ ከሌለ የሚወጣው አየር ምትክ አያገኝም፤ ጉልላቱም ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሉቨሩም ዓይን እንደሚያየው ሁሉ ክፍት አይደለም። የዘመሙት ጠፍጣፎች ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ፣ ነፍሳት እንዳይገቡ የሚደረገው ወንፊት ሽቦም ከቀረው ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ እውነተኛውን ክፍተት አስልተን ነው የምንቆርጠው። ለጌጥ ብቻ ከፈለጋችሁት ደግሞ ጣሪያውን አትቅደዱት! ይህን ስንነግራችሁ የሚቀንሰው የእኛ ገቢ ነው። «ገንዘብ ፍለጋ ነው» ለሚለኝ ይህችን ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ ድሮም በዘፈቀደ አልተሠራም። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ማውንት ቬርኖን የሚባለው ቤታቸው ጣሪያ ላይ ጉልላት አሠርተዋል። የጉልላቱ መስኮቶች ሲከፈቱ የቤቱን ሙቀት ወደ ላይ ስበው ያስወጡ ነበር። የቤቱ ፊት መስኮቶች ግራና ቀኙ እኩል አይደሉም፤ መሐል ላይ የቆመው ጉልላት ዓይንን ወደ ራሱ ስቦ ያንን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ በ1787 አናቱ ላይ እርግብ የሚመስል የነፋስ አቅጣጫ አመልካች አስደረጉበት። ሳይለካ የተቀመጠ ጉልላት እንዲህ ሁለት ሥራ አይሠራም።

ስለ ማቴሪያል ብዙ ብል ደስ ባለኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በእሱ ነውና። አንዱን ብቻ ላንሳ። የመዳብ ክዳን ያለው ጉልላት ሁሉም ይወደዋል። ያምራል፣ እየቆየ አረንጓዴ ይሆናል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን ከመዳብ ላይ የሚወርድ የዝናብ ውሃ አሉሚኒየም ወይም ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ላይ ሲንጠባጠብ ያንን ብረት ይበላዋል። የእናንተ ጣሪያ ምን እንደሆነ ሳላይ መዳብ ከሸጥኩላችሁ ደህናውን ጣሪያ የሚያበላሽ ነገር ነው የሸጥኩላችሁ። ምስማሩም እንዲሁ ነው፦ እንዳይበሰብስ በመዳብ መድኃኒት የታከመ እንጨት ላይ ተራ ምስማር ቶሎ ይዝጋል፤ እንደ አይዝጌ ብረት ያለ ዝገትን የሚቋቋም ያስፈልጋል። «በምስማር ዋጋ ትቆጥራላችሁ» ተብለናል። አዎ፣ እንቆጥራለን።

ነፋሱንም አትርሱት። ጉልላት በቆርቆሮው ላይ ብቻ በብሎን ተያዘ ማለት አልተያዘም። ከሥር ካሉት ወራጆች ወይም ለእሱ ተብሎ ከተሠራ የእንጨት ፍሬም ጋር መታሰር አለበት። ወራጆቹ የት እንዳሉ የሚታወቀው ከኮርኒስ በላይ በባትሪ ገብቶ ሲታይ ነው። መብረቅም አለ። ጣሊያን ውስጥ ያለው የፍሎረንስ ካቴድራል ጉልላት አናት ላይ የነበረውን ወርቅ የተቀባ የመዳብ ኳስ እ.ኤ.አ በ1600 ገደማ መብረቅ መትቶ ጥሎታል። የእናንተ ጋራዥ ካቴድራል አይደለም፣ ገብቶኛል። ግን ቤቱ የመብረቅ መከላከያ ካለው፣ ከሁሉ ከፍ ብሎ የቆመው አዲሱ ነገር ከዚያ መስመር ጋር መገናኘት አለበት። ይህን ከእኛ ሌላ ጠይቆ የሚነግራችሁ ሻጭ ካለ እሱ ጥሩ ሰው ነው፤ ከእሱ ግዙ።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ መሸሽ አልፈልግም። መዳቡም፣ መስታወቱም፣ ደረቅ እንጨቱም ጨምሯል። አንድ ሠራተኛ ለልኬት ወጣ ማለት የዚያን ቀን መጋዙ ቆመ ማለት ነው። ዋጋ ሳንጨምር መቆየት የምንችልበት መንገድ ነበር። የመዳቡን ውፍረት ቀነስ ማድረግ፣ እርጥቡን እንጨት ደረቅ ነው ብሎ መሸጥ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ማንም አያየውም። እኔ ግን አየዋለሁ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሽማግሌ አናጢ መገጣጠሚያውን የሚፈትሸው በዓይኑ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ያሳልፍበታል፤ ጣቱ ከቆመ ፍታው ነው የሚለኝ። ብዙ ፈትቻለሁ። ወርክሾፑን በብድር መጋዝ ስጀምር ከእሱ የያዝኩት ሀብት ይሄ ብቻ ነበር።

ያኔ ማንም ሳያውቀን የመጀመሪያውን ሥራ የሰጣችሁን አላችሁ። ስማችሁን አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከመካከላችሁ አሁን የተቀየማችሁኝ አላችሁ፤ እሱ ነው የከበደኝ። «ለእኛ እንኳ አይለይም?» ብላችኋል። እንዴት ልለይ? ለወዳጅ ሳልለካ ሸጬ ለማያውቀኝ ለክቼ ልሽጥ? መለየት ካለብኝ የወዳጄን ጣሪያ ነው አስቀድሜ የምለካው። እናንተን ማጣት አልፈልግም። ይህን በኩራት ሳይሆን እንዲሁ በግልጽ እላችኋለሁ፤ ወርክሾፑ ቆሞ የሚሄደው በእናንተ ነው።

የኮንትራክተሮች ጉዳይ ለብቻው ነው። በየሥራው ለልኬት መጠበቅ ፕሮግራማችሁን እንደሚያዛባ ገብቶናል። ስለዚህ ጣሪያው ሳይከደን፣ ወራጁ ቆሞ እያለ ጥሩን። ያኔ ልኬቱ ቀላል ነው፣ ማሰሪያ ፍሬሙንም አብረን እናስገባለን፣ ክዳን ሠሪው መጥቶ የሠራውን መልሶ አይቀድም። እንዲያውም ከድሮው ያፈጥናችኋል ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ሞክሩንና ካልሆነ ያኔ ተቆጡ።

ከማስታወቂያው በፊት ቀብድ የከፈላችሁ በሙሉ በድሮው ዋጋ ትስተናገዳላችሁ፤ ልኬቱንም ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን። ቀብዳችሁን የወሰዳችሁም ብትመለሱ ተራችሁ እንደነበረ ነው፣ ለሌላ አልሰጠነውም። ቀድሞ ጉልላት ገዝታችሁ በሌላ ሰው ያስገጠማችሁ ካላችሁ፣ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ከኮርኒስ በላይ ባትሪ ይዛችሁ ግቡና የጉልላቱን ሥር እዩት። የረጠበ ወይም የጠቆረ እንጨት ካያችሁ ሲሊኮን አትጨምሩበት፤ ደውሉልን።

ለልኬት ስንመጣ ከኮርኒስ በላይ የሚያስገባው መክፈቻ ሥር ያለውን ዕቃ አንሡልን። ውሻ ካላችሁም እሰሩት፤ መሰላሉን የሚይዘው ልጅ ይፈራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባለቤት