አሥራ አንድ ዓመት የዞርኩት መንገድ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ዘንድሮ ውርጩ ቶሎ ስለ ገባ ጠዋት ጠዋት በርኖሴን ሳልደርብ ከደጅ አልወጣም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገንዘብሽን ይዞ ስለ ጠፋው የሥራ ባልንጀራሽ፣ «እግሬ ላይ ወድቆ ካልለመነኝ ይቅር አልለውም» ብለሻል። አልፈርድብሽም። ይህንኑ ቃል እኔም ተናግሬዋለሁ፤ ያውም በታላቅ ወንድሜ ላይ።

ጋሼና እኔ የተጣላነው አንቺ ሳትወለጂ፣ መንዝ ሳስተምር ነው። ምክንያቱ ከሁለት ፈር የማይበልጥ የገብስ ማሳ ድንበር ነበር። ርስት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቢቀርም የርስት ጠባይ ከእኛ አልቀረም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው አጭር መንገድ በጋሼ ደጃፍ ያልፋል። ያንን ትቼ በገደሉ አፋፍ ስዞር አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ ጋሼ በቆመበት በኩል እንዳልዞር ለምሰሶው እጅ እነሣ ነበር። ምሰሶው ምንም አልበደለኝም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡ። ጋሼ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጄ መጣና እግሬ ላይ ወደቀ፤ አንቺ የምትፈልጊው ሁሉ ተደረገልኝ ማለት ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፣ ተሳሳምን፣ ጠላም ተጠጣ። በሚቀጥለው እሑድ ግን እግሬ በለመደው በገደሉ በኩል ሄደ።

ይህንን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «አቡነ ዘበሰማያት ስትደግም እስቲ ‹ኅድግ ለነ አበሳነ› ላይ ቁም» ብቻ አሉኝ። ቆምኩ። ልቀቅልን፣ ተውልን ነው የምንለው፤ ቀጥሎም እኛ እንደምንተው እንላለን። በየቀኑ በራሴ ላይ እየፈረድኩ እንደኖርኩ ያን ዕለት ገባኝ። «ይቅር» የሚለው የእኛው ቃልም ያው ነው፦ ዕዳው ከእኔ ዘንድ ይቅር፣ ፍርዱ የእግዚአብሔር ይሁን።

የሒሳብ መምህር ነኝና የማቴዎስ ምዕራፍ 18ን ምሳሌ ደግሞ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ንጉሡ ለአገልጋዩ የተወለት ዕዳ እልፍ፣ ማለትም አሥር ሺህ መክሊት ነው። አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር፣ አንዱ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነው። 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይመጣል፤ ያለ ዕረፍት ቢሠራ እንኳ ከ164 ሺህ ዓመት በላይ። ብቻዬን ሣቅሁ። ያ አገልጋይ ለባልንጀራው አልተውም ያለው ዕዳ ግን መቶ ዲናር ነው። ልብ በይ፣ መቶ ቀን መሥራት ቀላል አይደለም፤ ጌታም ምንም አይደለም አላለም። የአንቺም ገንዘብ ምንም አይደለም አልልሽም።

ስለዚህ ያንን ሰው እንደገና እመኚው ማለቴ እንዳይመስልሽ። ዮሴፍ የወንድሞቹን ንግግር ሲሰማ ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ ቢሆንም ስምዖንን አስሮ፣ ብንያምን ይዘው እንዲመጡ አዝዞ ፈተናቸው። ገንዘብሽን በሕግ ብትጠይቂ ይቅርታሽን አታፈርሺም፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው። የሰውየውን መምጣት ግን አትጠብቂ። እስጢፋኖስ «ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ሲል ወጋሪዎቹ ድንጋዩን ገና አልጣሉም ነበር። ጋሼ እግሬ ላይ ወድቆም እኔን አላስፈታኝም።

የጋሼን ስም በጸሎት ማንሣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ምን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደ አላስታውስም። አንድ እሑድ ማለዳ ሳላስበው በአጭሩ መንገድ ሄጄ ደጃፉ ደረስኩ። ውሻው አያውቀኝምና ዘሎ ጮኸብኝ። ጋሼ ነጠላውን እያጣፋ ወጣና «ዝም በል፣ የቤት ሰው ነው» አለው።

ለገና ስትመጪ እሱ ዘንድ እንሄዳለን፤ ሙክት ቀልቦ እየጠበቀሽ ነው። ወፍራም ልብስ መያዝ እንዳትረሺ።

አባትሽ