የተፈጥሮና ታሪክ ክበብ፦ ከኮሎምቢያ ሸለቆ ጋር ያሳለፍነው ዓመት

«ልጆቻችንን የላክነው አማርኛ እንዲማሩ እንጂ ገደል ለገደል እንዲዞሩ አይደለም» የሚለው የአንዳንድ ወላጆች ቅሬታ ደርሶናል። መልሳችን ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የስድስት ሜትር ወረቀት ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ካለችው ከፖርትላንድ ከተማ ደጃፍ የሚጀምረው የኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ከእንጨት መሰንጠቂያና ከቪላ ቤት እንዴት እንደተረፈ አስራ አራት ልጆች በራሳቸው አማርኛ ጽፈውበታል። አፋፍን ከገደል፣ ገደልን ከሸለቆ ለይተው የሚናገሩ ልጆች ናቸው።

መስከረምና ጥቅምት በንባብ አለፉ። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ በረዶ ስለሆነ ሁለት ስብሰባ ቀረብን።

ከንባቡ ልጆቹን የያዛቸው የትግሉ ርዝመት ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1950ዎቹ ገርትሩድ ጄንሰንና የፖርትላንድ ሴቶች ማኅበር የደን ጭፍጨፋውን ተቃወሙ። ኦሪገን በ1953፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የዋሽንግተን ግዛት በ1959 የሸለቆውን ጉዳይ የሚመለከት ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ኮሚሽኖቹ ግን ከመምከር ያለፈ ጉልበት አልነበራቸውም። በ1982 የኢንተርስቴት 205 አውራ ጎዳና ድልድይ ሲከፈት የዋሽንግተን ዳርቻ ለከተማው ቀረበ፣ የቤት ሠሪውም ዓይን እዚያ አረፈ። ናንሲ ራስል በ1980 የሸለቆውን ወዳጆች ማኅበር መሥርተው ነበርና ሕግ እስኪወጣ አልጠበቁም፤ የሚያሰጋውን መሬት በገንዘባቸው እየገዙ አቆዩት። ኅዳር 17 ቀን 1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ሸለቆውን የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ፤ የግል መሬት አጠቃቀም በፌዴራል መንግሥት መወሰኑን እንደሚቃወሙ እየተናገሩ ነው የፈረሙት። 292,500 ኤከር ተጠበቀ፤ 13 ከተሞችና መንደሮች ግን ከደንቡ ውጭ ሆኑ።

ደንቡ ከዋና ዋና መመልከቻዎች የሚታይ አዲስ ቤት ከመልክዓ ምድሩ በላይ ጎልቶ እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህን በመጋቢት ፈተንነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ አራት ካርቶኖችን ነጭ፣ ፈዛዛ ግራጫ፣ ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ቡናማ ቀብተን ዛፎች ሥር አቆምናቸውና ከ300 ሜትር አየናቸው። ነጩ ወዲያው ታየ፤ አረንጓዴው ጠፋ። ቡናማው አሳፈረን። ደመናው ገለጥ ሲል እንደ መስተዋት አብለጨለጨ፣ ከግራጫውም ይልቅ ጎላ። የገዛነው የዘይት ቀለም ነበር፤ ርካሹ እሱ ስለሆነ። ደንቡ ከቀለሙ ጥቁረት ሌላ ስለ ነጸብራቅ ለምን እንደሚናገር ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

በግንቦት ክራውን ፖይንት ወደተባለው መመልከቻ ወጣን፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ እስከ ሴላይሎ ዘለቅን። መልትኖማ ፏፏቴን ያየነው ከአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ማቆሚያ አላገኘንም። ሴላይሎ ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ዝም ያለውን ውሃ ትንሽ አየችና «ፏፏቴው የታለ?» አለች። ከእግሯ ፊት፣ ከውሃው በታች። የአገሬው ነገዶች ለሺህ ዓመታት ሳልመን የተባለውን ዓሣ ያጠመዱበት ፏፏቴ መጋቢት 10 ቀን 1957 የዘ ዳልስ ግድብ በሮች ሲዘጉ በሰዓታት ውስጥ ተዋጠ። ለሱ የደረሰ ሕግ የለም። ልጅቷ በማግስቱ ሳምንት ወረቀቱ ላይ ስለ ሴላይሎ የጻፈችውን አንቀጽ በላጲስ ጠርጋ ቀኑን ብቻ አስቀረች። ቦታው አሁንም ባዶ ነው፤ እንዳትሞሉት።

አስራ አራት ልጅ በአንድ የሩቅ ማያ መነጽር ሲሻማ ዋለ። የእግር ኳስ ክበባችን ዘንድሮ ሁለተኛ ማሊያ እንደተገዛለት እናውቃለን፤ ይመቻቸው። እኛ ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አራት መነጽር፣ የሁለት ቀን የአውቶቡስ ኪራይና አንድ ጣሳ የማያብለጨልጭ ቡናማ ቀለም ነው።