ኢናሜል ተብሎ ስለተሸጠልኝ የውሃ ቀለም ፓሌት የቀረበ ቅሬታ

ለሥዕል መሣሪያዎች መደብሩ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተላጠ ፓሌት እንዲቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ነው፤ በውሃ ቀለም እሥላለሁ፣ ታዳጊዎችንም አስተምራለሁ። ከመደብራችሁ በስልክ አዝዤ በአውቶቡስ የተላከልኝ ታጣፊ ፓሌት (ቀለም የሚበጠበጥበት ገበታ) በማሸጊያውም በደረሰኙም ላይ «ብረት፣ ነጭ ኢናሜል» ተብሎ ተጽፎበታል። የተከፈለውም የኢናሜል ዋጋ ነው።

እውነተኛ ኢናሜል ብርጭቆ ነው፤ ዱቄቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ቢወድቅ ይሰነጠቅ ይሆናል እንጂ በብሩሽና በውሃ አይላጥም። የእናንተው በስስ ቆርቆሮ ላይ የተረጨ ነጭ ቀለም ነው። ከማደባለቂያው ጉድጓድ ጠርዝ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩም ዝገት ወጣ። አሁን ቢጫ በጠበጥኩ ቁጥር የማገኘው ቡናማ ነው።

ነገሩ ለዓይን ማማር ብቻ አይደለም። የውሃ ቀለም ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ሠዓሊው ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት የቀለሙን ልክ የሚያየው በፓሌቱ ንጣት ላይ ነው። የጣርማ በርን ጉም ለመሣል አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና የተባለው ቀይ ቡናማ በብዙ ውሃ ይቀጥናሉ። በዚያ ቀጭን ግራጫ ውስጥ የቆርቆሮ ፍቅፋቂ ሲገባ እርጥብ ወረቀት ላይ ያርፍና ከደረቀ በኋላ አይነሣም። እንዲህ የተበላሸብኝን ጥሩ የጥጥ ወረቀት ዋጋውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስደውል ሠራተኛችሁ «ውሃ ስለቆየበት ነው» አሉኝ። የውሃ ቀለም ፓሌት ውሃ የማይችል ከሆነ ምን ሊያደርግ እንደተሸጠ ግን አልነገሩኝም። በምትኩ የፕላስቲክ ፓሌት እንድቀበል ጠየቁኝ። ፕላስቲክ አዲስ ሲሆን ቀለሙ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይሰበሰብበታል፤ ጠንካራ ሰማያዊና አረንጓዴም እድፋቸውን ይተዉበታል። ለተማሪዎቼ ግን ራሴ እገዛዋለሁ፤ በስሙና በዋጋው ስለሚሸጥ ቅር አይለኝም። ቤት ውስጥ ነጭ የሴራሚክ ሰሃን ይበቃኛል፤ አንኮበር ድረስ ተሸክሜው ልወጣ ግን አልችልም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ምትክ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ስለዚህ እውነተኛ የኢናሜል ፓሌት እንድትልኩልኝ፣ ከሌላችሁም ሙሉ ዋጋውን እንድትመልሱልኝ፣ በመደብሩ የቀሩት ማሸጊያዎች ላይ ያለውም ጽሑፍ እንዲታረም እጠይቃለሁ። የደረሰኙን ቅጂና የተላጠውን ክፍል ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። ፓሌቱን ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ የመላኪያው ወጪ ግን የእናንተ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከደብረ ብርሃን