ድምፅዋ ብቻ የነበረችው ተዋናይት

ዓለሜ፣

ለዚያች ቱርካዊት ተዋናይት ስንት ክፍል ሙሉ ድምፅ ሆነሽ ስምሽን ሳይጽፉ መቅረታቸው እኔንም አብግኖኛል። አሁን ግን አንድ ፊልም እይልኝ ልልሽ ነው። የእንግሊዞች ነው፣ የ1931፣ «ሪች ኤንድ ስትሬንጅ» ይባላል። የሠራው ሂችኮክ ነው። አዎ፣ ያው ሰው የሚያስደነግጠው ሂችኮክ! ፍቅርና ቀልድም ሞክሮ ነበር።

እንድታዪልኝ የፈለግሁት ሚስቲቱን፣ ኤሚሊን ሆና የምትሠራዋን ጆአን ባሪን ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1929 በ«ብላክሜይል» ላይ፣ ድምፅዋ ብቻ ነው የነበረው። ፊልሙ ድምፅ አልባ ሆኖ ተጀምሮ ኋላ ንግግር ይግባበት ተባለ፤ ዋናዋ ተዋናይት አኒ ኦንድራ ደግሞ የቼክ ቅላፄዋ ለለንደን ልጅ አልሆን አለ። ያኔ እንደናንተ ስቱዲዮ ተዘግቶ ከከንፈር ጋር እያስተያዩ መቅዳት የሚባል ነገር የለም። ባሪ ከካሜራው እይታ ውጪ ማይክሮፎን ፊት ቆማ ትናገራለች፣ ኦንድራ ካሜራው ፊት አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ሁሉም እዚያው በዚያው፣ ቀረጻው እየሄደ። የባሪም ስም አልተጻፈም።

እዚህኛው ላይ ግን ፊቱም ድምፁም የራሷ ነው። ባልየው ፍሬድ ቢሮ ያንገሸገሸው የለንደን ሰው ነው። አጎቱ ውርሱን በቁሙ ሲሰጠው ባልና ሚስት በመርከብ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይነሳሉ፤ እሱን ልዕልት ነኝ ባይ ታማልለዋለች፣ እሷን አንድ ኮማንደር ይወዳታል። መጀመሪያውን እንዳታልፊው፦ ሥራ አብቅቶ ሲወጡ ዝናብ ነው፣ ሁሉም ጃንጥላውን ከፈት እያደረገ ይሄዳል፣ የፍሬድ ብቻ እምቢ ይላል። ቃል የሚባል የለም። የድምፅ ዘመን ገብቶ እንኳ አብዛኛው ፊልም ያለ ንግግር ነው የሚሄደው፣ መሃል ላይ ጽሑፍ ጣል እያደረገ።

ባሪ ስታወራ ትንሽ የጨዋ ልጅነት ይበዛባታል፣ ለቢሮ ሠራተኛ ሚስት አይመስልም። ያም ሆኖ ማታ መርከቡ ላይ ለኮማንደሩ ስለ ፍቅር የምታወራውን ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስሚው፤ የት ጋ እንደምትተነፍስ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሲወጣ ገበያ አልቀናውም። መጨረሻው አካባቢ ስላለችው ድመት አልነግርሽም፣ እራት እየበላሽ ግን እንዳታዪው።

እናትሽ