ሳይገባሽ «እሺ» አትበይ

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእናትሽ ጉልበት እንደምታውቂው ነው። ጠዋት ጠዋት ይይዛታል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይለቃታል።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ያደርስልሻል። ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትይ ይሆናል። በስልክ ሳወራሽ እናትሽ ከጎኔ ሆና «ተዋት አቦ፣ አታስጨንቃት» እያለች ታቋርጠኛለች። ይሄን ግን ሳልቋረጥ ልነግርሽ እፈልጋለሁ።

የአክስትሽ ልጅ ሁሉንም ነገረችን። አንቺማ ደብቀሽን ነበር። የሆቴሉ አለቃሽ «ከዛሬ ጀምሮ የፎጣና የአንሶላ ክፍሉ ኢንቻርጅ አንቺ ነሽ» ሲልሽ ደስ ብሎሽ፣ የሰጠሽን ወረቀት ሳታነቢ ፈረምሽ። ወሩ ሲያልቅ ፎጣ ጎደለ ተብሎ 340 ድርሃም ከደሞዝሽ ቆረጡ። ወረቀቱ ላይ ያቺው «ቻርጅ» የምትባል ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፋለች አሉ። አንዴ ሹመት ሆና፣ አንዴ ዕዳ ሆና። አንቺ ሹመቷን ብቻ አየሽ።

ተቆጥቻለሁ። በገንዘቡ ግን አይደለም። ሳይገባሽ እሺ በማለትሽ ነው።

ቻርጅ የምትባለውን ቃል ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ሳጠናት ኖሬአለሁ። ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ። አንቺ የምታውቂያት ከስልክ ነው። እኔ ያወቅኳት ምድር ባቡር ቤት፣ በፈረንሳይኛ ነው። በእኛ ጊዜ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ሻርዤ!» ሲባል «ጫኑ!» ማለት ነው። ቡናውን፣ ቆዳውን ወደ ጅቡቲ ስንጭን ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ለነገሩ ድሬንም ድሬ ያደረጋት ጭነት ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። መስመሩ ወደ አዋሽ እስኪቀጥል ድረስ ዕቃው ሁሉ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ነበር የሚሄደው።

እንግሊዞችም ቃሏን የወሰዷት ከድሮው ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛው ደግሞ ካሩስ ከሚባል የላቲን ቃል አመጣት። ካሩስ ማለት ጋሪ ነው። ቃሏ መጀመሪያ ጋሪ ላይ ዕቃ መጫን ማለት ነበረች። ካርጎ የምንለውም ዘመዷ ነው።

ጭነት መሆኗን ከያዝሽ ሌላው ራሱ ይመጣል። ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ ሲጫን ቻርጅ ነው። ሰው ላይ ኃላፊነት ሲጫን ኢንቻርጅ ሆነ ይባላል። ሂሳብ ሲጫንበትም ቻርጅ ነው። ወንጀል ሲጫንበትም ያው ናት፤ ከፖሊስ አፍ ከሰማሻት ክስ ማለት ናት፣ ይህቺን አደራ እንዳትረሺ። ሸክሙ ሲወርድ ዲስቻርጅ ነው። ሐኪም ቤት ታማሚ ሲወጣ እንደዚያ የሚሉት ለዚህ ነው። በሬ ሊወጋ ሲንደረደርም ቻርጅ አደረገ ይላሉ፤ እሱን ለጊዜው ተዪው። ያንቺ ሆቴል ውስጥ እንግዳ «ቻርጅ ኢት ቱ ማይ ሩም» ካለሽ ሂሳቡን ክፍሌ ላይ ጻፉት ማለቱ ነው። ደረሰኝ ላይ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ቲፕ መስሎሽ ይደርሰኛል ብለሽ አትጠብቂ።

በእኛ ቋንቋ ይህ የለም እንዳትይ። «ቆረጠ»ን እይ። ትኬት ይቆረጣል። ተስፋ ይቆረጣል። መብራት ይቆረጣል። ልጅቷ ቆርጣ ተነሳች ይባላል፤ አንቺም እንደዚያ ነው የሄድሽው። ደሞዝም ይቆረጣል። አማርኛ የሚማር ሰው በአንዱ ትርጉም ብቻ ይዞ ቢሄድ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሳይገባሽ እሺ አትበይ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ።

አንቺ በእናትሽ ሆድ እያለሽ ነው። የአያትሽን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ለግል ሕክምና የጠየቁን ገንዘብ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ከውጭ የዓይን ሐኪሞች መጡ ሲባል እናቴን በጋሪ ጭኜ ወሰድኳት። ከንጋት ጀምሮ ተሰለፍን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ዓይኗን በባትሪ አየችላት፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን እያለች ብዙ ነገር ተናገረች። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ቃል ነው። «ኖ ቻርጅ»። የኔ ጆሮ የሰማው የሽመንደፈሩን፣ የምድር ባቡሩን ሻርዥ ነው። ኖ ሻርዥ። አንጭንም። ሞልቷል፣ ቦታ የለም ማለቷ መሰለኝ። እጇንም ዘርግታ ነበር። መውጫውን ያሳየችኝ መሰለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። «የስ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። የእናቴን እጅ ይዤ ወጣሁ።

ጋሪው ላይ «ምን አለች?» አለችኝ። «ቦታ የለም» አልኳት። «ይሁን፣ ከኛ የባሰበት አለ» አለች። ይህን ያለችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሰፈራችን ሴትዮ አንድ ዓይኗ በርቶላት መጣች። «ሰባራ ሳንቲም አልከፈልኩም፤ ኖ ቻርጅ አሉኝ፣ በነጻ ማለት ነው» አለች። እየሮጥኩ ሄድኩ። ሐኪሞቹ ሄደዋል። ዳግመኛ ሲመጡ እናቴ አልነበረችም።

ያን ቀን ተመልሼ «አልገባኝም» ማለት እችል ነበር። አፈርኩ። ሰፈር ውስጥ ፈረንጅ ሲመጣ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እያየኝ «ድገሚልኝ» ማለት ከበደኝ።

አያትሽ ፊትሽን በጣቷ እየዳሰሰች «አፍንጫዋ የኔ ነው» ያለችው ነገር ቤት ውስጥ ሁሌ እንደ ጨዋታ ይነሳል። እኔ ተነስቼ የምወጣው ለምን እንደሆነ አሁን አወቅሽ። ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ አረፈች። መልክሽን አላየችም። ይህን ለእናትሽም እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገርኳት። ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

አንቺ እኮ ልጅ ነሽ፤ ከሰው አገር ገና አምስት ወርሽ ነው። አለማወቅሽን ማንም አይታዘብሽም። «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ቻርጅ?» በይ። አንዴ ካልገባሽ ሁለቴ ጠይቂ። ፊታቸውን ቢያጠቁሩም ጠይቂ። ሳይገባሽ እሺ አትበይ፣ ሳታነቢ አትፈርሚ።

የፈረምሽውን ወረቀት ቅጂ ስጡኝ በይ። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ መዝገበ ቃላቱን ይዤ እቀመጣለሁ። ሥራ ስትገቢና ስትወጪ ፎጣውን ቁጠሪ። የተረከብሽውን በየቀኑ በደብተር ጻፊ፣ ያስረከበሽም ይፈርም። የፓስፖርትሽን ፎቶ ለአክስትሽ ልጅም ላኪላት፤ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ።

ሽሮና በርበሬው በላስቲክ ሁለቴ ታስሯል። እርጥበት እንዳይነካው። ቡናው የሐረር ነው፤ እናትሽ አልቆላችውም፣ እዚያው ቁይው። ሐልዋው ከመጋላ ነው። ክፍል ከምትጋሪያቸው ልጆች ጋር ብሉት።

እሁድ ደውይ። እናንተ ዘንድ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ በእኛ ስምንት ሰዓት፣ በእናንተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጠብቅሻለን። እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ምሳ በልተን፣ ቡናው የሚቀርበው ያኔ ነው።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ