አባዬ፣ ፋብሪካህን እየሠራሁት ነው

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል «ማታ ማታ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጆሮህም ስልክ ላይ እንደሚያስቸግርህ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ፋብሪካህን እየሠራሁት ነው፣ አባዬ። ዕድሜህን የሰጠኸውን ዱቄት ፋብሪካ፣ ከነሲሎው (ከረጅሙ የእህል ጎተራ ጋር ማለቴ ነው)፣ ከነማራገፊያው፣ ጎኑን ታክኮ ከሚያልፈው ሐዲድ ጋር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሞዴል ነው።

የባቡር ሞዴል እንደምወድ ታውቃለህ። ሎኮሞቲቩና ፉርጎው ተሠርቶ ይገዛል። ሕንፃም ቢሆን ተቆራርጦ ያለቀለት፣ ማጣበቅ ብቻ የሚቀረው፣ በሳጥን ታሽጎ ይሸጣል። ያንተ ፋብሪካ ግን በማንም ሳጥን ውስጥ የለም። ስለዚህ ከባዶ ነው የጀመርኩት፤ ከፕላስቲክ ሉህ፣ ከካርቶን፣ ከቧንቧና ከሽቦ። ስኬሉ 1 ለ87 ነው። የእውነቱ 87 ሴንቲ ሜትር እኔ ጋ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። መደበኛው የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚህ 16.5 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። አንተን ራስህን ብሠራህ ቁመትህ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ሕንፃው ከፈረሰ ቆይቷል፤ ፕላኑም እጄ ላይ የለም። ያሉኝ ከአልበምህ የወሰድኳቸው ፎቶዎች ናቸው። ልኬቱን ከየት አመጣሽው ትለኝ ይሆናል። ከጡቡ ነው። አንተ በሩ አጠገብ ቆመህ የተነሳኸውን ፎቶ ታስታውሰዋለህ? በአጉሊ መነፅር ከጎንህ ያለውን ግድግዳ ረድፍ በረድፍ ቆጠርኩት። አንድ የጡብ ረድፍ ከነስሚንቶው 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ 40 ረድፍ 3 ሜትር ይሆናል። በዚያ የበሩን ቁመት አገኘሁ። ከበሩ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ የፎቁን ቁመት፣ ከፎቁ የሕንፃውን ሁሉ። ፎቶው ከጎን ስለተነሳ የወዲያኛው ጫፍ ያነሰ ይመስላል። ጡቡም አብሮ ስለሚያንስ ግን ቆጠራው አያሳስትም። ይህን ዘዴ በጣም ነው የወደድኩት። ግድግዳው ራሱ ሜትሩን ተሸክሞ ቆሟል።

ግን አባዬ፣ ልኬቱን ካገኘሁ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ የመጣው። ይህ ሕንፃ ለምን እንዲህ ጠባብና ረጅም ሆነ? ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስለ ዱቄት ፋብሪካ አሠራር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እስቲ የገባኝን ልንገርህ፤ አንተ አርመኝ።

ስንዴው በፉርጎ ይመጣል። የፉርጎው ሆድ ከሥር ይከፈትና ስንዴው በብረት ፍርግርግ አልፎ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ ቀበቶ ላይ የተደረደሩት ባልዲዎች እያፈሱ እስከ ሕንፃው አናት ያወጡታል። አንዴ አናት ከደረሰ በኋላ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ወደ ሲሎ ይወርዳል። ከሲሎ ወጥቶ ይበጠራል፤ ድንጋዩና ገለባው ይለያል። ውሃ ተረጭቶበት ያርፋል፤ ቅርፊቱ ጠንከር ብሎ ሳይደቅ እንዲላቀቅ፣ ውስጡ ደግሞ እንዲላላ። ከዚያ ሮለሮቹ፣ ማለትም እየተሽከረከሩ የሚፈጩት ጥንድ ሲሊንደሮች፣ ውስጥ ይገባል። የተፈጨው እንደገና ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ፎቅ ላይ ተንጠልጥለው በሚዞሩት ወንፊቶች ይነፋል፤ ይወርዳል፤ እንደገና ይፈጫል። ወንፊት ከላይ፣ ሮለር ከታች። ሕንፃው ሁሉ አንድ ትልቅ ማሽን ነው ማለት ነው፤ ጡቡ ልብሱ ነው።

ይህ ከገባኝ በኋላ ፎቶው ሌላ ሆኖ ታየኝ። ሲሎው መስኮት የለውም፤ እህል መስኮት አይፈልግም። አናቱ ላይ ያለችው ቤት ግን መስኮት አላት፤ እዚያ ሰው ይሠራል። የመጫኛው ወለል ከሐዲዱ ከፍ ያለው ከፉርጎው ወለል ጋር እኩል እንዲሆን ነው። 1.20 ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ በእኔ ስኬል 14 ሚሊ ሜትር። ፉርጎ አቁሜ ሞከርኩት፤ ልክ ነው። አንድ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሳይወጣ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ይገባል።

ሲሎዎቹን ምን ብሠራቸው ጥሩ ነው? ከውሃ ቧንቧ! የ75 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ87 ሲባዛ 6.5 ሜትር ይሆናል። ከፎቶው የገመትኩትም ወደዚያው ነው። ቁመታቸውን 30 ሜትር ብዬ ይዤዋለሁ፤ 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል መጣ። የቧንቧ ችግሩ ማብረቅረቁ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ፈተግኩት። ወደ ላይና ወደ ታች ያልፈተግኩት የሲሎ ኮንክሪት ከሥር ወደ ላይ በንብርብር ስለሚሞላ ነው፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ስስ መስመር እንደ ቀለበት ይዞራል። ቀለሙ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የታልክ ዱቄት ደባለቅኩ፤ ላዩ ፈዘዝና ሻከር አለ። አሁን እጄን ሳሳርፍበት ቧንቧ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ስለ ሲሎ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገርህ፣ ደስ ይልሃል። በአሜሪካ ብዙው የእህል ጎተራ ከእንጨት ነበር የሚሠራው፤ እሳት ይፈጀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ክብ የኮንክሪት ሲሎ ለሙከራ መሥራት ጀመሩ። ሰው ሁሉ እህሉ ሲወጣ ይፈነዳል ብሎ ይጠብቅ ነበር። አልፈነዳም። ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ እስካሁን ቆሟል።

ፍንዳታ ካልኩ አይቀር፣ ክብሪት በኪሱ ይዞ የሚገባ ሰው ላይ እንዴት እንደምትቆጣ አስታውሳለሁ። ሰው ለምን እንዲህ ይጮሃል እል ነበር፤ አሁን ገባኝ። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1878 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዋሽበርን የሚባለው ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ አየር ላይ በተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ ፈንድቶ 18 ሰው ሞቷል። ፋብሪካው እንደገና ሲሠራ የብናኝ መሰብሰቢያ ተገጠመለት። ያንተ ፋብሪካ ጣሪያ ላይም ሾጣጣ የላሜራ ሳይክሎን አለ፤ ፎቶው ላይ ጫፉ ብቻ ይታያል። አየሩ ውስጡ ሲሽከረከር ብናኙ ግድግዳውን እየመታ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጠራው አየር ከላይ ይወጣል። እኔ ከወረቀት ጠቅልዬ ሠራሁት፤ ሱፐር ግሉ ሳጠጣው እንደ ላሜራ ደረቀ። ትንሽ ነገር ናት፤ የጥፍሬን ያህል ብትሆን ነው። ግን ከሁሉ በላይ የተጠነቀቅኩላት እሷን ነው። አንተን በሰላም ወደ ቤት ከሚመልሱህ ነገሮች አንዷ ነበረች።

ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው። በቢላዋ ሙሉ ለሙሉ መቁረጥ አያስፈልግም። ሁለት ሦስቴ ከተጫረ በኋላ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን ራሱን የሚያሟሟ ቀጭን ፈሳሽ ነው። በብሩሽ ጫፍ መገጣጠሚያውን ስነካው ስንጥቁ ውስጥ ተስቦ ይገባል፤ ሁለቱ ግድግዳዎች አንድ ይሆናሉ። ከውስጥ በኩል ደግሞ ማገር ይፈልጋል፤ አለዚያ በጊዜ ብዛት ይጎብጣል። የመስኮቱን መስታወት ግን በሱፐር ግሉ አይነኩትም፤ ትነቱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል። ለዚያ ነጭ የእንጨት ኮላ ነው የሚሻለው፤ ሲደርቅ አይታይም።

አንድ ነገር ሳትነግሪኝ ቀረሽ ብለህ እንዳትቀየመኝ። ሲሎዎቹ ስምንት እንደነበሩ አውቃለሁ፤ እኔ የሠራሁት አራት ነው። ሁሉንም ብሠራ መደርደሪያውን አልፎ ይሄዳል። የሕንፃውንም ርዝመት አሳጥሬዋለሁ። በሩን፣ መስኮቱንና የፎቁን ቁመት ግን አልነካሁም። እነሱ ከተነኩ ሰው አጠገባቸው ሲቆም ያስታውቃል። ርዝመቱ ቢያጥር ዓይን ይቅር ይላል። ጀርባውንም አልሠራሁትም፤ ከግድግዳ ጋር ስለሚለጠፍ ማንም አያየውም።

ቀለሙ ላይ ብዙ ቆየሁ። የፋብሪካ ሞዴል የሚሠራ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ጥቀርሻና ዝገት ነው። ያንተ ፋብሪካ ግን ነጭ ነበር። የመስኮቱ ደፍ ነጭ፣ የቱቦው ትከሻ ነጭ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር። አንተም ስትመጣ ቅንድብህ ነጭ ነበር። ነጭ ጠመኔ ፈጭቼ በለስላሳ ብሩሽ ነሰነስኩት፤ ዱቄት በእውነት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ማለትም ወደ ላይ የሚያይ ነገር ላይ። ቀጥ ያለው ግድግዳ ላይ ዝናብ ያጥበዋል፤ ስለዚህ ከደፉ ሥር ፈዛዛ ግራጫ መስመር ወደ ታች ሳብኩ። መብራት ሳበራበት አባዬ፣ ደነገጥኩ። እሱ ነው።

ከፎቶ የማይገኝ ነገር ግን አለ። አንድ ጊዜ ውስጥ አስገብተኸኝ ሮለሮቹ መሀል ስትሄድ አይቼሃለሁ። አንዱ ጋ ቆምክና የማሽኑን መስኮት ከፍተህ ሁለቱን እጆችህን ከሥር አስገባህ፤ ግራህን በአንዱ ጫፍ፣ ቀኝህን በሌላው። የወረደልህን በአውራ ጣትህና በጠቋሚህ መሀል አሸት አሸት አደረግከው። ዓይንህ ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ አንዱን መሽከርከሪያ ትንሽ አጠበቅከው። አሁን ሳነብ ነው የገባኝ፤ ሮለሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መፍጨቱን በጣትህ እያነጻጸርክ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አንድ የሮለር ረድፍ እሠራለሁ። ሁለት እጁን የዘረጋ ሰውም አቆምበታለሁ።

እንግዲህ የምፈልግህ እዚህ ላይ ነው። በሩ አጠገብ የተነሳኸው ፎቶ ላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ግድግዳ ወጥቶ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ወፍራም ቱቦ አለ። መጨረሻው አይታይም፤ ትከሻህ ሸፍኖታል። ከጀርባህ ምን ነበር? ፉርሽካ የሚወርድበት ነው? ከሆነስ ጆንያ ውስጥ ነው የሚገባው ወይስ በቀጥታ ፉርጎ ላይ? እሱን ካላወቅኩ ከሥሩ ምን እንደማቆም አላውቅም። ደግሞ የሮለር ፎቁ መስኮቶች ይከፈቱ ነበር ወይስ ሁልጊዜ ዝግ ነበሩ? ማታ ፈረቃ ላይ የውጭው መብራት የትኛው በር ላይ ነበር? ሎኮሞቲቩ ራሱ እስከ ማራገፊያው ይገባ ነበር ወይስ ፉርጎዎቹን በሰው ኃይል ትገፏቸው ነበር? የምትሰቅሉት ማስጠንቀቂያ ላይ የተጻፈውንስ ታስታውሰዋለህ?

ሌላም ያልጠየቅኩህ ካለ ንገረኝ። አብረውህ ስለሠሩት ሰዎችም ንገረኝ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ። ስለ ሥራህ ብዙ አታወራም ነበር፤ እኔ ግን ሁሉንም መስማት እፈልጋለሁ።

መጻፉ ከከበደህ ወንድሜ ሲመጣ እየነገርከው ይጻፍልህ። ፎቶውን አሳድጌ አሳትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ኮፒ ነው፣ አትሳሳለት፤ እላዩ ላይ በእርሳስ ሥራበት፣ ቀስት አድርግበት፣ የተሳሳተውን ሰርዝበት። የዚያን ጎን ግድግዳ እስክትነግረኝ አላጣብቀውም፤ ሌላውን እቀጥላለሁ።

እማዬን ሳምልኝ። መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ።

የምትወድህ ልጅህ